ሃጃ ማሻአላህ ብለው ነበር

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ በባሌ ላይ መጮኼን ነግሬያለሁ። ይኼኛው ግን ምላሴ ላይ ይደርስና እውጠዋለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለእናንተ ልንገር።

የምኖረው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው፤ ልብስ አጥቤ ነው የማድረው። አማቴን እማማ ውዴን ከመተማ ያመጣናቸው ጉልበታቸው ተይዞ ብቻቸውን መኖር ሲያቅታቸው ነው። መጀመሪያ ላይ ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ሆነው ግድግዳ ያዩ ነበር። ሐኪሙ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፣ የሚወዱትን እየሠሩ ይንቀሳቀሱ አለን። እሳቸው የሚወዱት ደግሞ አፈር ነው።

የኛ ሰፈር መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ጫማ ይነጥቃል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ጓሮ ውስጥ አንዲት የአትክልት መደብ ቆፈርንላቸው። በመጀመሪያ ዱካ ላይ ተቀምጠው በማንኪያ ይጭሩ ነበር። ቆይተው ቆሙ። ከዚያ ያለ ምርኩዝ እስከ አጥሩ መሄድ ጀመሩ። አጥሩ ማዶ ሃጃ ዘይነብ አሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በዕድሜ እኩያቸው የሚሆኑ ሱዳናዊት።

አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አያውቁም። አማቴ ጥሩ ነው ለማለት "ኩዌስ" ይላሉ፣ ሃጃ "ጎበዝ" ይላሉ፣ ጠዋቱ በዚሁ ያልቃል። ከዚያ ያለፈ ነገር ሲኖር እኔን ይጠሩኛል። ሃጃ ጀርጂር የሚሉትን፣ ከፉል ጋር የሚበላ ቅጠል ዘር ሰጧቸው፤ አማቴም ከመተማ በላስቲክ ጠቅልለው አምጥተው ከተከሉት ጤና አዳም ገንጥለው አካፈሏቸው። አማቴ ሲስቁ የሰማሁት እዚያች መደብ ላይ ነው። ይህን የምነግራችሁ ምን እንዳበላሸሁ እንድታውቁልኝ ነው።

ውሃ የሚመጣልን በአህያ ጋሪ ነው። ለመደቧ ከበርሜሉ ንጹሕ ውሃ ቀድቶ ማጠጣት የኔ ድርሻ ነበር። በዚያ ዓመት ከካርቱም ጦርነት የሸሹ ቤተሰቦች ከተማውን ስለሞሉት የሚታጠበው ልብስ ተከመረብኝ። ባሌ ሰሊጥ አጨዳ ሄዷል። ደከመኝ። መድከም ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ቀናሁም። እኔ አጎንብሼ የሰው እድፍ ሳሽ እሳቸው ቅጠል ይዘው ይስቃሉ ብዬ ቀናሁ። በአሮጊት ሳቅ ይቀናል? እኔ ቀናሁ። የልብሱን እጣቢ፣ በረኪና ያለበትን፣ ጤና አዳሙ ሥር ደፋሁት። ቀለለኝና ደጋገምኩት።

ጤና አዳሙ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያም ደረቀ። አማቴ ቅጠሉን በጣታቸው አሽተው አሸተቱና "ምን አገኘው?" አሉኝ።

ለኛ አገር ሰው ጤና አዳም ቡዳ የሚመልስ ቅጠል ነው። እሱ ራሱ ሲደርቅ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ከጥቂት ቀናት በፊት ሃጃ አጥሩ ላይ ተደግፈው "ያ ሰላም!" ብለው አድንቀውት ነበር። ሱዳን ሲያደንቅ ዓይኑ እንዳይጎዳ ማሻአላህ ይላል። ሃጃም ብለዋል፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለራሳቸው ያህል። የአማቴ ጆሮ ከበድ ስለሚል አልሰሙም። እኔ ግን አጠገባቸው ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ ሰምቻለሁ።

"እናታለም፣ ሃጃ ያን ቀን ሲያደንቁት ማሻአላህ አላሉም እኮ" አልኳቸው።

የሠራሁት ይኼ ነው። እኔ ሃጃ ቡዳ ናቸው አላልኩም፤ በዚህች ስንት ጊዜ ራሴን ሸነገልኩ! አማቴ ምን እንደሚያስቡ ሳላውቅ ነው የተናገርኩት? አውቄ ነው። እውነቱን ሃጃን እንዳይጠይቁ ደግሞ አስተርጓሚያቸው እኔው ነኝ።

በማግስቱ አማቴ ወደ መደቧ አልወጡም። ሃጃ ከአጥሩ ማዶ "ያ ውዴ! ያ ውዴ!" እያሉ ተጣሩ፤ አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሃጃ ሻይ ውስጥ የሚገባ የናዕናዕ ችግኝ በቆርቆሮ ላኩላቸው። "ከቤት አውጭልኝ" አሉኝ አማቴ፤ እኔም አወጣሁት። መደቧ ተሰነጠቀች፣ ጉልበታቸውም ተመልሶ ተያዘ። ሆዴ ንገሪያቸው ይለኛል፤ እኔ ሾርባ እሠራላቸዋለሁ። እንዲህ እንዳልኩ፣ ዝናቡ ሳይመለስ ሞቱ። ባሌ ዕድሜ ነው ይላል። ይሆናል። በመጨረሻ ጊዜያቸው ጓደኛቸውን የነጠቅኋቸው ግን እኔ ነኝ።

ሃጃ ለቅሶ መጡ። እጄን ይዘው "ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ምን በድያት ነው የጠላችኝ?" ብለው በዐረብኛ ጠየቁኝ። "ምንም አልበደሏትም። እርጅና ነው፣ ልቧን ስታ ነበር" አልኳቸው። በሕይወት ሳሉ የዋሸሁት አንሶኝ ከሞቱም በኋላ ዋሸሁባቸው።

ሃጃ ዛሬም አጥሩ ማዶ አሉ። አማቴ ያካፈሏቸው ጤና አዳም እሳቸው ዘንድ ቁጥቋጦ ሆኗል፤ ቀንጠብ እያደረጉ ያቀብሉኛል፣ እቀበላለሁ። በዐረብኛ ይቅር በይኝ ማለት "ሳምሒኒ" ነው። ገበያ ውስጥ ሰው በገፋሁ ቁጥር የምለው ቃል ነው፤ ለሃጃ ግን አይወጣኝም። ይህንንም የጻፍኩት በአማርኛ ነው፤ ሃጃ በማያነቡት ቋንቋ። ስለዚህ እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን ምን አደረግኋችሁ?