ድንቹ ፎቅ የወጣ ዕለት

ጀሚል ዕድሜውን የፈጀው ከሆሳዕና ፎንቆ ቅጥቅጥ ሲነዳ ነው። ጭቃ ውስጥ ያደረ፣ በገደል አፋፍ መሪ ያዞረ ሰው ነው፤ ፈራ ሲባል የሰማ የለም። በ2009 ዓ.ም. የትራንስፖርት ማኅበራቸው ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ለሙከራ አምጥቶ ቁልፉን ሲሰጠው ግን ከመግባቱ በፊት ላይኛውን ፎቅ አንጋጦ ደጋግሞ አየ።

የአውቶቡሱ መላ ታችኛው ወለሉ ነው። ለመሬት የቀረበ ነው፣ መወጣጫ የለውም። ላዩ ሰው ተሸክሞ የሚቆመውም ክብደቱ ታች ስለሆነ ነው። የመውለጃ ወሯ የገባው ሚስቱ ሀያት ቅጥቅጥ ላይ ስትወጣ ሁለት ሰው ይደግፋት ነበር፤ ያን ዕለት እናቷ ጋ ልትወልድ ፎንቆ ስትሄድ ግን እንደ ቤቷ ደጃፍ ረግጣ ገባች።

የገበያ ቀን ነበር። ጀሚል ዙህር ሰግዶ ሲመለስ ሰዉ ሞልቶ ጠበቀው፤ አስነስቶ ወጣ። ከከተማው እንደወጡ፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ መኪናው ዘንበል አለ። ቶሎም አልተመለሰም። የጀሚል ጀርባ በላብ ራሰ። ፊት ለፊት ያለውን ቁልቁለት ያውቀዋል፤ ከዚህ የባሰ ኩርባ አለው። በመስታወት ሀያትን አየ፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች። ዳር ይዞ አቆመ።

«ሰይድ! ላይ ምን አለ?» አለ ጫኙን።

«ምን ይኖራል፣ ድንችና ስንዴ ነዋ።»

«ፎቅ ላይ?»

«ታዲያ! ጭነት ታች ተጭኖ ያውቃል? ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ ፖርቶ መጋላ የለው፣ ወንበሩ መሀል ደረደርኩት።»

እውነቱን ነው፤ በዚህ አገር ጭነት ላይ፣ ሰው ታች ነው።

«አውርድ።»

«ኧረ ጀሚሎ! ቁልቁለቱን እንለፍና…»

«ገበያው ሊበተን ነው እኮ!» አለች አንዲት ነጋዴ። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ «ቅጥቅጥ ሲነዳ አንበሳ ነበር፣ ፎቅ ሲሰጡት ፈራ!»

«አዎ፣ ፈርቻለሁ» አለ ጀሚል። «ይሄ መኪና ጭንቅላቱ ከከበደው ይገለበጣል። ካልወረደ አልነዳም።» ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

ማንም አልተነሳም። ሀያት ግን ወንበር ተደግፋ ተነሳችና በዝግታ ወረደች። «እሱ ከፈራ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ» አለች። የደረሰች ነፍሰ ጡር መንገድ ዳር ቆማ ማን ይቀመጣል? ነጋዴዋ «ወይኔ!» ብላ ተከተለቻት፤ ከዚያ ሁሉም ወረደ። ሰይድ እያጉረመረመ ኩንታሉን በጠባቡ ደረጃ አውርዶ ታች ወለሉ ላይ አጋደመው።

ሰዉ ተመልሶ ተሳፈረ፤ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ወረዱት። አላህን የሚጠራውም፣ ኢየሱስን የሚጠራውም በየልቡ ነበር። ክፉው ኩርባ ላይ መኪናው ዘንበል አለ፤ አንዷ ጮኸች፤ ወዲያው ቀና አለ።

ፎንቆ ሲደርሱ ሀያት ወርዳ ወደ መስኮቱ ቀረበች።

«ደረስን እኮ፣ ጀሚሌ። ውረድ እንጂ።»

«ቆይ» አላት፤ «እጄ መሪውን አልለቅ አለኝ።»