መርዶ ላስተምር ኮምቦልቻ ወርጄ

ሰኞ ማለዳ

ደሴ ሆጤ ካለው ቤቴ የወጣሁት ለሦስት ቀን ነው። ኮምቦልቻ ላይ ስምንት የጤና ጣቢያ አማካሪዎችን ሐዘንተኛ እንዴት እንደሚያዝ ላስተምር። እናቴ ታማ ተኝታለች። "ሂድ፤ እኔ የትም አልሄድም" አለችኝ። አላመንኳትም፤ ግን ሄድኩ። መቼም ሰው ማመን አልሆነልኝም። ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርድ እንኳ ዓይኔን ከሾፌሩ እግር ላይ አላነሳሁም።

የኮምቦልቻ ሙቀት ካፖርቴን አስወለቀኝ። ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ "መርዶ አይደበቅም። ወዲያው፣ በግልጽ ይነገራል።"

ከሰልጣኞቹ በዕድሜ የሚበልጡት ሼህ ሰይድ እጃቸውን አነሱ። "መምህር፣ በእኛ አገር ሰው ሳይሰበሰብ፣ ሐዘንተኛው እህል ሳይቀምስ አይነገርም። ብቻውን የሰማውን ማን ይይዘዋል?"

"ያ ማታለል ነው" አልኩ። ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። አስተያየታቸውን አልወደድኩትም።

ማክሰኞ ረፋድ

ሼህ ሰይድ ለስልክ ተጠርተው ወጡ። ሲመለሱ ወይዘሮ አስካለ ከምትባል ሰልጣኝ ጋር ተንሾካሾኩ።

"ከቤቴ ነው እንዴ የተደወለው?"

"ኸይር ነው መምህር። አዳራሹ ለስብሰባ ተፈልጓል። እኛም ደሴ ጉዳይ አለን፤ አብረን እንውጣ።"

ስምንቱም ጉዳይ አላቸው? ዘመኑ የግምገማ ነበር፤ ሰው ከተንሾካሾከ አንዱ ከወንበሩ ይነሳል። ከስሰው ሊያስባርሩኝ ነው ብዬ ቆረጥኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ መሐላቸው አስቀመጡኝ። አስካለ ዳቦና ሙዝ ዘረጋችልኝ። "ይብሉ እንጂ፣ በሞቴ!" የሚከሱትን ሰው ለምን ያበላሉ እያልኩ በላሁ። ሐረጎ ላይ ጉም ወረደብን። ማንም አይናገርም። ደሴ ገብተን ሰኞ ገበያ ስንደርስ ማንም አልወረደም። ያኔ ፈራሁ፤ ስለ ወንበሬ ግን አልነበረም።

ሆጤ

ደጃፌ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ልወድቅ ስል ሼህ ሰይድ በቀኝ፣ አስካለ በግራ ያዙኝ፤ ሌሎቹ ከኋላ ደገፉኝ።

"አላህ ያጽናዎት" አሉ ሼህ ሰይድ። "እናትዎ ጎህ ሲቀድ አረፉ። ቀብሩ እርስዎን እየጠበቀ ነው።"

"አታለላችሁኝ!" ብዬ ጮህኩባቸው። ከልቤ ነበር። የዚያን መንገድ ዝምታ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ይቅር አላልኳቸውም።

ከአርባው በኋላ ሥልጠናውን ልጨርስ ተመለስኩ። ሰሌዳው ላይ ስለ መርዶ ስጽፍ "ወዲያው" የምትለውን ቃል ተውኳት። በቦታዋ የሼህ ሰይድን ጥያቄ ጻፍኩ፦ "ማን ይይዘዋል?" እኔን ስምንት ሰው ይዞኛል፤ መሬት አልነካሁም።