ስሙ የማይጠራው ሰርቨር

መካነ ሰላም፣ መሬት ጽሕፈት ቤት ነኝ። የይዞታ ደብተር ፈላጊው በር ላይ ተሰልፏል። አዲሱ ኮምፒውተር ግን መረጃው ያለበትን ሰርቨር ስም ካልጻፍህልኝ አልገናኝም አለ። ሰርቨሩ ወዳለበት ሕንፃ ደወልሁ፤ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ዘሃራ አነሱ።

"እትዬ፣ ሰርቨሩ ላይ የተለጠፈውን ስም ያንብቡልኝ።"

"አይቸዋለሁ። ግን አልጠራውም።"

"ፊደል በፊደልስ?"

"ያው መጥራት አይደል? ወላሂ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም!"

"የምን ሠላሳ ዓመት? ሰርቨሩ የገባው ዓምና ነው!"

"እንግዲያ ራሱ ይንገርህ" ብለው ስልኩን ለሰው ሰጡ።

"ሰይድ ነኝ፣ ዘበኛው" አለ አንድ ጎርናና ድምፅ። "ሰርቨሩን የተከለው ልጅ በእኔ ስም ሰይሞታል። እሷ ደግሞ ሚስቴ ናት፤ የባሏን ስም አትጠራም።"

"ሰይድ" ብዬ ጻፍሁ። ሰርቨሩ በአንድ ጥሪ አቤት አለኝ።