ለእንግዳ የተበጠበጠ ብርዝ

ሐኪሙ ነገሩን ሳያለሳልስ ነው የነገረን። «ጉበቱ ተጎድቷል። ከእንግዲህ መጠጥ ከቀመሰ ለልጆቹ አይደርስም» አለ፣ ባሌን ሳይሆን እኔን እያየ። ባሌ ነገሩ እንደማይመለከተው ሰው በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። እዚያው አንገቱን ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር።

«እሺ፣ እንዴት ይተወው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። እንዲህ የተቸገሩ ሰዎች ተሰብስበው የሚረዳዱበት ቦታ ምናልባት ባሕር ዳር ይኖር ይሆናል አለ። ደብረ ታቦር ላይ አረቄ ቤት ፈልጊ ብባል ዓይኔን ጨፍኜ አገኝ ነበር፤ መጠጥ የሚተውበትን ቤት የሚያውቅ ግን ጠፋ። ጎረቤቴ ጠበል ውሰጂው አለችኝ። ወሰድኩት። ጠበሉ ቦታ እያለ ደህና ነበር፤ በተመለሰ ማግስት የሚነዳውን ባጃጅ አቁሞ በቀጥታ ወደለመደበት ገባ።

በመጨረሻ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገናኙ ማኅበርተኞች አሉ፣ ልጄ። ሁሉም መጠጥ ያደቀቃቸው ናቸው። እንደማንኛውም የጽዋ ማኅበር በየተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ፤ ጽዋቸው ግን ውሃ ነው» አሉኝ።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም፣ አባ?»

«ሰው እንዳያውቅባቸው ይፈራሉ። አንቺስ የባልሽን ነገር ለማን ተናግረሽ ታውቂያለሽ?»



ባሌ ብቻዬን አልገባም ስላለ አብሬው ሄድኩ። የዚያ ቅዳሜ ተረኛ በጋፋት መንገድ የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። ድሮ ጠጅ ይሸጡ እንደነበርና እየሸጡ ሲቀምሱ፣ እየቀመሱ ሲጠጡ ልጆቻቸው እንደተበተኑባቸው ገና በሩ ላይ እንደ ሰላምታ አድርገው ነገሩን። መጠጥ ከተዉ ግን ዓመታት አልፈዋል። ከጉና በኩል የሚመጣው ብርድ አብሮን ገባ። ውስጥ ጥቂት ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። አንዱን ሳየው ደነገጥኩ፤ የልጄ አስተማሪ ነው። እሱም እኔን አይቶ ደነገጠ።

ባልቴቷ ሥርዓቱን ለባሌ አስረዱት። ጽዋው የደረሰው ሰው ስለራሱ ይናገራል፣ ይጎነጫል፣ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ዞሮ ተረኛው ጋ ሲመለስ ተረኛው ጨልጦት ማኅበሩ ይበተናል። «ዛሬ እንግዳ ስላለን ውሃ ብቻ ማቅረብ ከበደኝ፤ ብርዝ በጥብጫለሁ። ማርና ውሃ ነው፣ አይዞህ። ጠዋት ገበያ ስለምወርድ ከሐሙስ ጀምሬ ነው ያዘጋጀሁት» አሉ።

ጓዳ ገብተው ቀድተው መጡ። በአገራችን ልማድ የሚያቀርብ ሰው አስቀድሞ ይቀምሳል፤ እሳቸውም ተጎነጩ። ትንሽ ቆም አሉ። ከንፈራቸውን ላስ አደረጉና ጽዋውን በሁለት እጃቸው ለባሌ ሰጡት። የዕድሜ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

ባሌ ተቀበለ፤ ግን አልተናገረም። ጽዋውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ፊቱ ተለወጠ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ አረቄ ቤት በር ላይ ስደርስበት የማየው ፊት ነው። ሌሎቹ ቃል እስኪወጣው በትዕግሥት ይጠብቁታል። ማርና ውሃ ይዞ እንዲህ የሚሆነው ለምንድን ነው? አንድ ትልቅ ሰው የዘረጋውን ጽዋ መመለስ ነውር ነው፤ ባሌ ደግሞ በዕድሜው ጽዋ መልሶ አያውቅም። ጽዋው ከንፈሩ ጋ ደረሰ። ፈራሁ። ልነጥቀው ብድግ አልኩ።

እሱ ግን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እማማ፣ ይሄ ጠጅ ሆኗል» አለ ቀስ ብሎ።

አስተማሪው ጎንበስ ብሎ አሸተተና ፊቱን አዞረ። «በምንድን ነው ያስቀመጡት?» አላቸው።

«በዚያችው እንስራ» አሉ። ከድሮው ንግድ የተረፈቻቸው የጠጅ እንስራ ናት። ምድጃ አጠገብ ሁለት ቀን ስትከርም ብርዙን አፍልታዋለች።

ደሜ ፈላ። «ሊገድሉብኝ ነበር እኮ! ቀምሰውት አልነበረም?» ብዬ ጮህኩባቸው፣ ዕድሜያቸውን እንኳ ሳላከብር።

«ቀምሼዋለሁ» አሉ። ዓይናቸው ከጽዋው አልተነቀለም። «ስቀምሰው አወቅሁት። ጩኺ ጩኺ አለኝ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ዞሮ እኔ ጋ እስኪመለስ ነበር የምጠብቀው።»

ቁጣዬ የት እንደገባ እኔም አላውቅም፤ የቀረኝ ፍርሃት ብቻ ነበር፣ እሱም ለባሌ ብቻ አልነበረም።

ባሌ ጽዋውን አንሥቶ ጓዳ ገባ። እንስራዋን ታቅፎ ወደ ጓሮ ሲወጣ ልከተለው ተነሣሁ፤ አስተማሪው በእጁ አቆመኝ። ቆየ። ከሚገባው በላይ ቆየ። ከዚያ ሲደፋ ሰማሁ፤ ሽታውም እስከ እኛ መጣ። ሲመለስ በዚያ ብርድ ላብ አጥምቆታል።

ጽዋውን አለቅልቆ ከጀሪካኑ ውሃ ቀዳ። እንደ ተረኛ ሆኖ እሱው አስቀድሞ ተጎነጨና ባልቴቷ ፊት በጉልበቱ ተቀመጠ።

«ውሃ ነው እማማ» አላቸው። «ቀምሼዋለሁ።»