ሰሊሃ ያቀደችው ዕረፍት

ሰሊሃ አብዱልሀሚድ ዕድሜዋን ሙሉ ዕረፍት የሚባል ነገር አቅዳ አታውቅም ነበር። አቅጂ ያላት ባሏ ዓብዱራህማን ነው። ሁለቱ የተዋወቁት ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ነበር፤ እሷ ልብስ ሰፊ፣ እሱ የስፌት ማሽን መካኒክ። ፋብሪካው ሥራ ሲቀዘቅዝበት ሰሊሃ የራሷን ማሽን ይዛ ቤቷ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ጀመረች። ዓብዱራህማንን ደግሞ የቀድሞ አለቃው ቬትናም ጠራው፤ ዳናንግ በሚባል ከተማ ማሽን እየጠገነ መኖር ከጀመረ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሲሄድ ወንዱ ልጃቸው ታጁ ገና ትምህርት መግባቱ ነበር፤ ታናሽ እህቱ ዩምና ጡት አልጣለችም።

"ሐምሌ ላይ ፈቃድ ሰጥተውኛል" አላት አንድ ቀን በስልክ። "እኔ ከምመጣ እናንተ ብትመጡስ? ከዚህ ትንሽ ወረድ ብሎ ሆይ አን የምትባል የወንዝ ዳር ከተማ አለች። ወንዙ እርጋታው አይጣል ነው፤ ሲሄድ እንኳ አይታወቅም። ቤት እንከራይና ከልጆቹ ጋር ዝም ብለን እንቀመጣለን።"

"ዝም ብለን?"

"ዝም ብለን። ግን ዕቅዱን አንቺ አውጪው። ለኔ ከተተወ ልጆቹን ሳሯሩጥ ቀኑ ያልቃል።"

ሰሊሃ ዝም ብሎ መቀመጥን የምታውቀው ለቅሶ ቤት ነው። ያም ሆኖ ነገሩን እንደ ሥራ ያዘችው። ጨርቅ ሳይለካ እንደማይቆረጥ ሁሉ፣ መጀመሪያ የልጆቿን አቅም ለካች። ታጁ በስልክ ያየውን ሁሉ ፈልጓል፤ ጀልባ፣ ብስክሌት፣ ባሕር፣ ማታ ማታ በየደጁ የሚንጠለጠሉትን ባለ ቀለም ፋኖሶች። ዩምና የምትፈልገውን አታውቅም፤ ለእሷ አባት ማለት ስልክ ውስጥ የሚስቅ ሰው ነው።

"በቀን አንድ ነገር ብቻ" አለች ሰሊሃ። "ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ በብስክሌት እስከ ሩዝ ማሳው። ከዚያ ቤት ገብተን ምሳ፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ። ጀልባው ለአመሻሽ ይሁን። ባሕሩ ለብቻው ቀን ይሰጠው። የደከመው ልጅ ካለ ሁላችንም እንቀራለን።"

"ይኸው፤ ይህን እኔ መቼም አላስበውም ነበር" አለ ዓብዱራህማን።

የቀረውን ሁለቱ በስልክ እየተመካከሩ ጨረሱት። የቤሬሳ ወንዝ በክረምት ሲሞላ የሚያደርገውን ደብረ ብርሃን ያደገ ሁሉ ያውቃልና የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ግቢው አጥር ነበር። እሱም ቅዳሜ ሄዶ ቤቱን በቪዲዮ ቀርጾ ላከላት፤ ወንዙና ቤቱ መካከል አጥርም፣ የሚቆለፍ የእንጨት በርም አለ። በየምግብ ቤቱ የአሳማ ሥጋ መኖሩ ሲያሳስባት አንዲት ሐላል የምትሠራ ሙስሊም ሴት ፈልጎ አገኘ። የልጆቹን ፓስፖርት፣ የቢጫ ወባ ክትባቱን፣ ቪዛውን፣ ሁሉንም ጨረሰች። የዩኒፎርም ደንበኞቿን ሥራ አስቀድማ አደረሰች። ሰው ሁሉ ጋቢ በሚደርብበት ወቅት እሷ ለልጆቿ እጅ የሌለው ስስ የጥጥ ልብስ ስትሰፋ ያየች ጎረቤቷ ሥርጉት፣ "አንቺ፣ ልጆቹን በብርድ ልትፈጂ ነው?" ብላ ሳቀችባት። ሰሊሃም አብራ ሳቀች። ያን ሰሞን ሳቅ ይቀናት ነበር።

ጉዞው አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው አባቷ ደወሉ። አቶ አብዱልሀሚድ ከአንኮበር ቁልቁል፣ ቆላው ላይ ባለችው አልዩ አምባ የሚኖሩ የድርና የማግ ነጋዴ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ከልጆቻቸው አንዳች ነገር ጠይቀው አያውቁም።

"ልጄ፣ ባሕር ከመሻገራችሁ በፊት ልጆቹን አንድ ጊዜ አሳዪኝ" አሏት። "ዱዓ ላድርግላቸው።"

ለዓብዱራህማን ብትነግረው፣ "ታዲያ ሳይመርቁን ልንሄድ ኖሯል? ውረዱ። ጊዜ አለን" አላት።

በማግስቱ ባየው በሚባል በሚያውቁት ሾፌር መኪና ወረዱ። አንኮበር ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር፤ ቁልቁለቱን ሲያጋምሱ ሙቀቱ ተቀበላቸውና ታጁ ሹራቡን አወለቀ። አባቷ ደጃቸው ላይ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። ዩምናን አቅፈው ገቡ።

ማታ እራት በልተው ሲቀመጡ፣ "እስቲ ንገሪኝ፤ እዚያ ሄዳችሁ ምን ትሠራላችሁ?" አሉ።

"ምንም አባ። እናርፋለን።"

"ምንም ለመሥራት ነው ይኼን ሁሉ አገር የምታቋርጡት?"

"ልጆቹ ከአባታቸው ጋር እንዲውሉ ነው።"

"እሱስ ሥራ ነው" አሉ።

ጠዋት ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው ዱዓ ተደረገ። ልጆቹ መሐል ተቀምጠው፣ ሽማግሌዎቹ "አሚን፣ አሚን" ሲሉ ዩምናም ከሁሉ ዘግይታ "አሚን" ትል ነበር። ገና ሰው ሳይበተን ሾፌሩ ባየው መጣ። ደጅ ላይ ቆሞ ሰሊሃን ጠራት።

"መንገዱ ተዘግቷል" አላት። "ላይ አንኮበር አካባቢ ተኩስ አለ። የወጡት መኪኖች ሁሉ ተመልሰዋል።"

"እስከ መቼ?"

"እሱን ማን ያውቃል፣ እህቴ?"

ለባሏ ልትነግረው ስልኳን አወጣች። ኔትወርክ የለም። ወደ ገበያው ሜዳ ሄደች፤ የለም። አንድ ከፍ ያለ ቦታ አለ ብለዋት እዚያም ወጣች። ስልካቸውን ከፍ አድርገው የያዙ ሌሎች ሰዎች አገኘች፤ ለአንዳቸውም አልሠራም።

መጀመሪያ ላይ ነገ ይከፈታል ብላ ልብሷን አላወለቀችም፤ ሻንጣውን በር ሥር አቁማ ተኛች። ነገ መጣ፣ አልተከፈተም። ከላይ የሚሰማው ድምፅ አንዳንዴ ነጎድጓድ ይመስላል፤ ክረምት ነውና አንዳንዴም ነጎድጓድ ነው። ታጁ ይጠይቃል፤ ስትመልስለት ሌላ ይጠይቃል። ፓስፖርቶቹን ከቦርሳዋ እያወጣች ታያቸዋለች፤ መልሳ ትከታቸዋለች። የሚሠራ ሥራ ቢኖር ትሠራ ነበር። መርፌ እንኳ አልያዘችም።

አባቷ ይህን ሲያዩ ከጎረቤት በቅሎ ለመኑ። "በእግር መንገዱ እናወጣችኋለን። አንኮበርን ካለፋችሁ ሌላው አላህ ያውቃል" አሉ። ሽማግሌው ራሳቸው በቅሎዋን እየሳቡ፣ ልጆቹ ተፈናጥጠው፣ እሷ ከኋላ ሆና ገና በጠዋቱ ወጡ። ዳገቱን እምብዛም ሳይገፉ ሰዎች ሲወርዱ አገኟቸው። ፊት የምትመራው ፍራሽ ተሸክማ ፍየል የምትነዳ ሴት ነበረች።

"ወዴት ነው ልጆች ይዛችሁ?" አለች ሴትዮዋ።

"ወደ ላይ" አለች ሰሊሃ።

"እኛ ከላይ ነው የመጣነው።"

ፍየሏን እየነዳች አለፈች። ሰሊሃ መንገዱ ላይ ቆመች። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች፤ በቅሎዋ ላይ ያሉትን ልጆቿን ቀና ብላ አየቻቸውና እንደገና ቆመች። አባቷ የበቅሎዋን ፊት ወደ ቁልቁለቱ አዞሩት።

የበረራው ቀን እንደ ማንኛውም ቀን ነጋ። ታጁ ቀኑን ያውቀዋል። ቁርስ ላይ፣ "እማ፣ አውሮፕላኑ ይጠብቀናል?" አላት።

"አይጠብቅም፣ ልጄ።"

"አባዬስ?"

አባቷ የያዙትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡና ተነሥተው ወጡ። ያን ቀን ሱቃቸውን አልከፈቱም።

መንገዱ የተከፈተው ሁሉም መጠበቅ ካቆመ በኋላ ነው። ባየው እየሮጠ መጥቶ አሳፈራቸው። አንኮበር ከተማ ሲደርሱ የሰሊሃ ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የዓብዱራህማን መልእክቶች ነበሩ፤ ተከታትለው ገቡ። "ተነሣችሁ ወይ?" "ለምን አይሠራም ስልክሽ?" "አውሮፕላኑ መጣ፤ አላየኋችሁም።" "ሰሊሃ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?" የመጨረሻው አጭር ነው፤ "አዲስ አበባ ነኝ።"

ደወለችለት። ወዲያው አነሣው።

"በሕይወት አላችሁ?" አለ።

"አለን። አንተ ምን ልትሠራ መጣህ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

ከአውሮፕላኑ ሳይወርዱ ሲቀሩ በተገኘው በረራ መጥቶ ኖሯል። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደውም መንገድ ተዘግቶ ስለነበር፣ ከቦሌ ወጥቶ ያረፈው አልጋ ቤት ነው። በየጠዋቱ መናኸሪያ እየሄደ፣ ዛሬም የለም እየተባለ ይመለስ ነበር። እሷ በመንገዱ አንድ ጫፍ፣ እሱ በሌላው ጫፍ ሆነው ፈቃዱ አለቀ።

የእሱም መንገድ ተከፍቶ ደብረ ብርሃን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ጠዋት መመለስ አለበት፤ ማታ ይበርራል። ታጁ ዘሎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ዩምና ግን ከስፌት ማሽኑ ጀርባ ገብታ አልወጣም አለች። ዓብዱራህማን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ስሟን ጠራት። ድምፁን ስትሰማ የእናቷን ስልክ ፈለገች፤ እሱ ያለው እዚያ ነው። ስልኩን አንሥታ ጥቁሩን መስታወት አየች፤ ከዚያ እሱን አየች፤ አለቀሰች። እሱም ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

ልጆቹ ሲተኙ ሰሊሃ፣ "ቤቱስ እንዴት ነበር?" አለችው።

"ደህና ነው። አንድ ሌሊት አደርኩበት።"

"ወንዙስ?"

"አላየሁትም፣ ሰሊሃ። ስልክ ስሞክር ነበር።"

ጠዋት ሲሸኙት ዩምና እጁን ያዘችለት፤ መኪናው እስኪሞላ ድረስ አልለቀቀችም። "ለከርሞ" አለ በመስኮት። ሰሊሃ "ኢንሻአላህ" አለች።

ከዚያ ወዲህ የከበዳት የአባቷ ነገር ነው። አቶ አብዱልሀሚድ ልጆቹን አሳዪኝ ካሉ ወዲህ የሆነውን ሁሉ በራሳቸው ላይ ጭነውታል። ስትደውል ስለ ዝናቡ ይጠይቃሉ፣ ስለ ታጁ ትምህርት ይጠይቃሉ። "አባ፣ በርስዎ አልሆነም። መንገዱን እርስዎ አልዘጉት" ትላቸዋለች።

"እህ" ይላሉ። "ብርዱስ እንዴት ነው እዚያ?"

ልጆቹን አምጪልኝ አይሉም። ሰሊሃ ዓረፋን አባቷ ዘንድ ለማክበር አስባ ባየውን ጠይቃው ነበር፤ እሱም መንገዱን ሰንብቼ ልየው ብሏታል።