ከአያት እስከ ኦሎምፒያ፣ ከንፈር በማይታይበት ወቅት

ማክሰኞ ጠዋት 12፡30፣ አያት

ገና በማለዳ ወጣን። ታናሽ እህቴ ትዕግስት የሰፋቻቸውን ሁለት ቀሚሶች በፌስታል ይዛለች። ኦሎምፒያ ያለ አንድ ልብስ ቤት ሰፊ ይፈልጋል ተብለን ነው። ትዕግስት ጆሮዋ አይሰማም፤ የሚያናግራትን ሰው ከንፈር አይታ ነው የምትረዳው። ኮሮና ከገባ ወዲህ ግን ሰው ሁሉ አፉን ሸፍኗል።

1፡15፣ መገናኛ

ታክሲው ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ ያስከፍላል። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተዋል፤ ብርዱ ፊት ይገርፋል። ከጎናችን ያሉ ጥቁር የለበሱ እናት ትዕግስትን አንድ ነገር ጠየቋት። ዝም አለች።

«እማማ፣ አትሰማም። ማስክዎን ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉላት ይገባታል» አልኳቸው።

«አላደርገውም ልጄ። ባለቤቴን በዚህ በሽታ ቀብሬ አርባው እንኳ አልወጣ።»

ሾፌሩ በመስታወት አየን። «ለአንድ ደቂቃ ምን ይሆናሉ እማማ? እኛን የጎዳን ከበሽታው ይልቅ መራራቁ ነው።»

«እሱም እንዲሁ ይል ነበር» አሉ እናትየው።

የተባለውን በስልኬ ጽፌ ለትዕግስት አሳየኋት። አንብባ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ልክ ነዎት» አለች፣ ከፍ ዝቅ በሚለው ድምጿ። «እኔን ያደነቆረኝ ማጅራት ገትር ነው። የጎረቤት ልጅ ታማ አብረን እንጫወት ነበር። ያኔ ቢለዩን ኖሮ ዛሬ እሰማዎት ነበር።»

እናትየው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉላት።

2፡30፣ ኦሎምፒያ

ባለሱቋ ወጣት ሴት ናት። ቀሚሶቹን ገልብጣ ስፌታቸውን በጣቷ ዳበሰች፤ ወደደቻቸው። ከዚያ ትዕግስትን አንድ ነገር ጠየቀቻት። ትዕግስት ዓይን ዓይኗን አየቻት። እኔ ስልኬን ሳወጣ ባለሱቋ ገባት።

«ሥራዋ በጣም ቆንጆ ነው» አለችኝ። «ግን ደንበኛን ማስክህን አውልቅላት ልለው አልችልም። እኔም ቤት የታመመች እናት አለችኝ።»

«ይጻፍላት።»

«ወረፋ ሲኖር ማን ይጽፋል? ይሄ ነገር ሲያልፍ ትምጣ።»

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። የምቆጣበት አጣሁ።

3፡10፣ የመልስ ታክሲ ጥበቃ

የቦሌ መንገድ ካፌዎች ወንበሮቻቸውን አራርቀው ሰው ይጠብቃሉ። ትዕግስት ፌስታሉን አቅፋ ቆማለች። ባለሱቋ ያለችውን በስልኬ ጽፌ አሳየኋት።

«መቼ ነው የሚያልፈው?» አለችኝ።

«በቅርቡ» ብዬ ጻፍኩላት።

አነበበችና ቀና ብላ እውነቱን ፊቴ ላይ ፈለገች። ማስኬን አላወረድኩም።