ቶፉ ሠሪው ሚትሱሩና የሐምሌው ስጦታ

ሚትሱሩ ኡራቤ የጉልበቱን ዘመን በሙሉ የጨረሰው በኪታኪዩሹ ወደብ፣ ያኩዛ በሚባለው የወንጀል ቡድን ውስጥ ነው። ሃምሳን ሲጠጋ ወጣ። መውጣቱ ብዙም አልከበደውም፤ አለቃው ታስሮ፣ ጓደኞቹ አርጅተው፣ ቡድኑን የሚፈራ ሰው ጠፍቶ ነበር። የከበደው ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። በአገሩ ደንብ ከወጣ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው በስሙ የባንክ ሂሳብ አይከፍትም፣ ቤት አይከራይም፣ ስልክ እንኳን አያወጣም። ደንቡ ያኩዛነትን ተው ይላል፤ የተወ ሰው የት እንደሚገባ ግን አይናገርም።

አቶ ናጋቶሚ የሚባሉ ሽማግሌ ቶፉ መሥሪያቸው ውስጥ አስገቡት፤ ከላይ ያለችውንም ጠባብ ክፍል ሰጡት። ያለፈውን አልነገራቸውም። በቡድኑ ቅጣት ጫፏ የተቆረጠችውን ትንሿን ጣቱን ማሽን በላት ብሏቸዋል፤ እሳቸውም አልመረመሩም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የተዘፈዘፈውን አኩሪ አተር ይፈጫል፣ ወተቱን ያፈላል፣ እንደ አይብ የረጋውን ቶፉ ውሃ ውስጥ እንዳለ ይቆርጣል። የሽማግሌው ባለቤት ወይዘሮ ሂሳኖ አፋቸው አያርፍም።

"አንተ ሰውዬ፣ ቶፉ ነው እኮ፣ ማገዶ አይደለም የምትፈልጠው" ይሉታል።

ሚትሱሩ እንዲህ ደፍሮ የሚቆጣው ሰው ካጣ ዘመን አልፎታልና ደስ ይለው ነበር። አምስቱ ዓመት እስኪሞላ እዚያው መቆየት፣ ከሞላም በኋላ እዚያው መቆየት ነበር ምኞቱ። ሌላ አልፈለገም።

ዶክተር ቶኩሂሳ ከወንጀል ቡድን የወጡ ሰዎችን ኑሮ የምታጠና የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ሚትሱሩን ያገኘችው አንድ ጠበቃ አገናኝቷት ነው። ጥንቃቄዋ ለጉድ ነበር። ሰው እንዳይሰማቸው የምታነጋግረው ሰው እየዘፈነ በሚዝናናበት ካራኦኬ ቤት ክፍል ተከራይታ ነው፤ የዘፈኑ ስክሪን ድምፁ ተዘግቶ ያበራል፣ እነሱ ሻይ ይዘው ያወራሉ። ስሙን በአንድ ፊደል ተክታለች፣ የቀዳችውን ድምፁን ቆልፋ ታስቀምጣለች። እኛ እንኳን ሬሳ ስንደብቅ እንዲህ አንጠነቀቅም ነበር ብሎ ቀልዶባት፣ ቀልድ መሆኑን እስኪያስረዳት ላብ አጥምቆታል።

ሐምሌ ገባ። በአገሩ ልማድ በሐምሌ ውለታ ለዋለ ሰው ስጦታ ይላካል፤ ያልላከ ባለጌ ነው። ዶክተሯ ባለጌ አይደለችም። ትልቁ መደብር ሄዳ በበረዶ ውሃ የሚበላውን ቀጭን ኑድል መረጠች፣ የሚትሱሩን የቶፉ ቤት አድራሻ ሰጠች። የላኪው ስም ያልተጻፈበት ስጦታ ደግሞ ነውር ነውና፣ በሣጥኑ ላይ በሚለጠፈው ነጭ ወረቀት ላይ ስሟን በሚያምር የብሩሽ ጽሕፈት አስጻፈች፦ "የወንጀለኛ ቡድኖች ጥናት ክፍል፣ ቶኩሂሳ"። ዓመት ሙሉ የተጠነቀቀች ሴት በጨዋነት ተሸወደች።

ሣጥኑ ሲመጣ ሚትሱሩ ቶፉ ሊያደርስ ወጥቶ ነበር። ተመልሶ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ አየው፤ ጽሑፉ ወደ በሩ ዞሯል።

"እቃ መጥቶልዎታል፤ አልከፈትነውም" አሉት ወይዘሮ ሂሳኖ።

ከዚያ ቀን በኋላ አልተቆጡትም። ቢያጣምም፣ ቢሰብር፣ "ምንም አይደለም፣ ይተዉት" ነው መልሳቸው። ቢላውን ሲያነሳ ከክፍሉ ይወጣሉ። በሳምንቱ አቶ ናጋቶሚ አስቀመጡትና አንገታቸውን ደፍተው፣ በዚህ ወቅት ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ሰው ለመቀነስ መገደዳቸውን ነገሩት። ከተማው በሙቀት እየነደደ፣ ሰው ቀዝቃዛ ቶፉ ካልሆነ ምግብ አልበላም እያለ፣ የሠሩት ቀትር ሳይሞላ ያልቅ ነበር። ሁለቱም ያውቃሉ። ሚትሱሩ እስከ ወለሉ ጎንበስ ብሎ ስለ ደግነታቸው አመሰገናቸው። ክፍሉን ከለቀቀ በኋላ ከሕዝብ ስልክ ለዶክተሯ ደወለ፤ ስጦታ ተቀብሎ ሳያመሰግኑ መቅረት ነውር ነው።

በመስከረም እንደገና ካራኦኬ ቤት ተገናኙ። ሥራ መልቀቁን ስትሰማ እውነትም ደነገጠች።

"በደሉዎት?"

"ኧረ፣ መልካም ሰዎች ናቸው።"

"ታዲያ ለምን?"

ሚትሱሩ እየተለዋወጡ የሚያልፉትን የዘፈን ግጥሞች አየ። እውነቱን ቢነግራት ይህች ሴት ከሐፍረት ዳግመኛ ቀና ብላ አታየውም፤ ምናልባትም ጥናቱን ትተወዋለች። ድሮ ቢሆን ጠረጴዛውን ይገለብጠው ነበር። አሁንም ንዴቱ አልበረደም፤ ግን ስለ ኑድሉ አመስግኗል፣ ያመሰገነበትን ነገር ደግሞ እንዴት ይወቅሳል?

"ሰለቸኝ" አላት።

ጻፈችው። ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ፣ በሐዘኔታ፣ "ለተማሪዎቼ ሁሌ ምሳሌ የማደርገው እርስዎን ነበር፤ እርስዎ እንኳን ይጸናሉ ብዬ ነበር" አለችው።

ሚትሱሩ ሻይዋን ሞላላት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር፤ አሳፈርኩዎት።"

አይጨነቁ፣ ከቡድን የወጡት ብዙዎቹም እንደዚሁ ናቸው ብላ ይቅር አለችው።